ዝንጉርጉር ቁጥቋጦዎችን በግንድ ቁራጭ ማባዛት፦ የቁራጩ ምርጫና የዝንጉርጉርነቱ ዘላቂነት

አውኩባ ጃፖኒካ የተባለው፣ ቅጠሉ ወርቅማ ነጠብጣብ ያለበት የጃፓን ቁጥቋጦ እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1783 በጆን ግሬፈር አማካይነት ነው። ዝርያው ወንዴና ሴቴ አበባውን በተለያየ ተክል ላይ የሚያወጣ ሲሆን፣ የገባው ግን ሴቴው ብቻ ነበር። ሮበርት ፎርቹን በ1860ዎቹ መጀመሪያ ወንዴውን ከጃፓን እስኪያመጣ ድረስ ፍሬ ሊያፈራ አልቻለም። ስለዚህም ለ80 ዓመት ገደማ በሀገሪቱ የአትክልት ስፍራዎች የተስፋፋው ያለ ዘር፣ ከቅርንጫፍ እየተቆረጠ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ የግንድ ቁራጭ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ቢያሳይም፣ ለሁሉም ዝንጉርጉር ቁጥቋጦ እንደ ደንብ ከተወሰደ ያሳስታል። ዝንጉርጉርነት መንስኤው አንድ አይደለምና። በአንዳንድ የአቡቲሎን ዓይነቶች የቅጠሉን ቢጫ ዥጉርጉር የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከእናት ተክሉ የተወሰደ ቁራጭም ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። በጌጥ ቁጥቋጦዎች ዘንድ ይበልጥ የሚዘወተረው፣ ለአባዢውም ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ኪሜራ የሚባለው ነው።

በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ክክ ተክሎች የግንዱ የእድገት ጫፍ በሦስት የሕዋስ ንብርብሮች የተገነባ ነው። የመጀመሪያው የቅጠሉን ቆዳ፣ ሁለተኛው በዋናነት ጠርዙን፣ ሦስተኛው የመሐሉን ኅብረ ሕዋስ ያስገኛል። ከንብርብሮቹ አንዱ በዘረመል ለውጥ ሐመልሚል የመሥራት ችሎታውን ሲያጣና ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ሲቀጥል፣ ተክሉ የሁለት ዓይነት ሕዋሳት ቅንጅት ይሆናል። ስያሜውን ሃንስ ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1907 አወጣ፤ ኤርዊን ባውር በ1909 ጠርዛቸው ነጭ የሆኑ ፔላርጎኒየሞች የዚሁ ወገን መሆናቸውን አስረዳ።

እምቡጥ ያለው የግንድ ቁራጭ ሦስቱንም ንብርብሮች በነበሩበት አቀማመጥ ይዞ ስለሚሄድ መልኩን ይጠብቃል። ከሥር ቁራጭ የሚወጣ ቀንበጥ ግን ከውስጠኛው ኅብረ ሕዋስ ስለሚመነጭ፣ ጠርዙ ነጭ ከነበረ እናት ተክል ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ተክል ይገኛል።

ሆኖም የግንድ ቁራጭም ቢሆን ዋስትናው የተወሰነ ነው። ኤሌያግነስ ፑንጀንስ «ማኩላታ» ጥሩ ማሳያ ነው። የዚህ ቁጥቋጦ ቅጠል መሐሉ ወርቅማ፣ ጠርዙ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የአንዱ ንብርብር ሕዋስ አልፎ አልፎ ወደ ጎረቤቱ ንብርብር ሲገባ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሙሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ ይላል። አረንጓዴው ቀንበጥ ብርሃን አስተፃምሮው የተሟላ በመሆኑ ከዝንጉርጉሩ ፈጥኖ ያድጋል፤ ካልተወገደም ቁጥቋጦውን ይወርሰዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቁራጭ ለቃሚው ወፍራምና ብርቱ ቀንበጥ እንዲመርጥ የተለመደው ምክር ወደ አረንጓዴው ይመራዋል። በተቃራኒው ለውበቱ ሲባል ሙሉ ቢጫውን ቀንበጥ መምረጥም አያዋጣም፤ የምግብ ክምችቱ አነስተኛ ስለሆነ ሥር ለመስደድ ይቸገራል። ለመቁረጥ የሚመረጠው ቅጠሎቹ በሙሉ፣ በግንዱ ግራና ቀኝ፣ የዝርያውን መልክ እኩል የያዙ ቀንበጥ ነው። እምቡጡ በቅጠሉ ብብት ስለሚገኝ፣ በአንድ ወገን ብቻ ዝንጉርጉር ከሆነ ቀንበጥ የሚወጡ ቅርንጫፎች እንደየወገናቸው ይለያያሉ።

የቀረው ሥራ የታወቀ ነው። በበጋው ማብቂያ፣ ግማሽ የጠነከረ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይወሰዳል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ የቁራጩ መሠረት ከ0.3 እስከ 0.8 በመቶ ኢንዶል ቢዩቲሪክ አሲድ ባለው ዱቄት ይነከራል፤ ከዚያም ውሃ በማያቋጥር መደብ ላይ፣ እርጥበቱ በተጠበቀ አየር ውስጥ ይተከላል። ዝንጉርጉሩ ከአረንጓዴ ዘመዱ ዘግይቶ ሥር መስደዱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሙከራ መዝገቦች ዋና መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው ሥር የሰደዱ ቁራጮች መቶኛ ለዚህ ወገን ተክሎች ብቻውን አይበቃም፤ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ምርጫን ስኬታማ አስመስሎ ያሳያልና። የሆርሞን መጠኖችን የሚያነጻጽር ሙከራ ቁራጮቹን አስቀድሞ በቅጠላቸው መልክ በምድብ ሊለያቸው፣ የእያንዳንዱንም ምድብ ውጤት ለየብቻ ሊመዘግብ ይገባል። ከተተከሉ በኋላም ቢያንስ አንድ የእድገት ወቅት ጠብቆ፣ መልካቸውን የጠበቁትን ወደ አረንጓዴ ከተመለሱት ለይቶ መቁጠር ያስፈልጋል።