ስሙን ለሙዚቃው ያወረሰ ጓድ

በተማሪዎች መካከል ስለ ባላገር ዘፈን ጭውውት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም የባላገር ሙዚቃ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለ ሆነ ባለቤት የለውም፤ ማን እንደ ጀመረውም አይታወቅም የሚል ነው። ይህ በብዙ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳይመረመር እንደ ደንብ ሲያዝ፣ አዲስ ነገር የፈጠሩትን ሰዎች ስም ከማስረሳቱም በላይ ባላገር የተረከበውን ከመጠበቅ በቀር ራሱ የሚፈጥረው የለም ያሰኛል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ወስደን ነገሩን ልንመረምር አሰብን። ምሳሌያችን በአሜሪካ አገር ብሉግራስ የሚባለው ሙዚቃና እሱን ያስገኘው «ብሉ ግራስ ቦይስ» የተባለው የሙዚቃ ጓድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ብሉግራስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዓመት የቆየ የተራራ ሰዎች ዘፈን ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። በውስጡ ያሉት ነገሮች በእርግጥ አሮጌ ናቸው። የቫዮሊኑ ዜማ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ከመጡ ሰፋሪዎች የተወረሰ ነው። ባንጆ የተባለው፣ እንደ ከበሮ ቆዳ በተወጠረበት ክብ ላይ አውታር የተዘረጋበት መሣሪያ፣ ዘሩ በባርነት ከተወሰዱት ምዕራብ አፍሪካውያን ጋር ባሕር የተሻገረ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና የገጠር ቤተ ክርስቲያን መዝሙርም አሉበት። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተጋጥመው ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ድምፅ የወጣው ግን በ1945 መጨረሻ ነው። ከአውሮፕላን ያነሰ፣ ከራዲዮም ያነሰ ዕድሜ ያለው ሙዚቃ ማለት ነው።

ድምፁን በጥቂቱ እንግለጽ። መሣሪያዎቹ አምስት ናቸው፤ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ትልቁ ባስ። ከበሮ የለም፤ የከበሮን ሥራ የሚሠራው ማንዶሊኑ ነው፤ በየምቱ መካከል ቆረጥ ያለ ድምፅ እየሰጠ ሌሎቹን ወደ ፊት ይገፋል። ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው። የዘፋኙም ድምፅ እንዲሁ ወደ ላይ የተሳበና የሾለ ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆመው ተራው የደረሰው ወደ ፊት ይጠጋል፤ የጨረሰው ያፈገፍጋል። ይህ አቋቋም ዛሬ እንደ ጥንታዊ ሥርዓት ቢታይም የተወለደው ከራዲዮ ጣቢያ አንድ ማይክሮፎን ነው።

የጓዱ መሥራች ቢል ሞንሮ በ1911 በኬንታኪ ግዛት ሮዚን በተባለች ትንሽ መንደር አጠገብ ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ዐይኑ ደካማ ስለ ነበረ ከልጆች ጨዋታ ይርቅ እንደ ነበር፣ ስለዚህም ጆሮው እንደ ተሳለ ይነገራል። ታላላቆቹ ወንድሞቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ቀድመው ስለ ያዙ ለትንሹ የተረፈለት ማንም ያልፈለገው ማንዶሊን ሆነ። ያውም ድምፁ እንዳይበዛባቸው ከስምንቱ አውታር አራቱን እንዲያወልቅ አዘዙት ይባላል። ከዚህ የተነሣ ይሆን? በኋላ ማንዶሊንን እንደ እሱ አጥብቆ የመታ ሰው አልተገኘም።

አሥር ዓመት ሲሆነው እናቱ፣ በ16 ዓመቱ ደግሞ አባቱ ሞቱበት። ከዚያ በኋላ ያስጠጋው የእናቱ ወንድም ፔንድልተን ቫንዲቨር ነው። ይህ አጎቱ በአካባቢው የጭፈራ ቤቶች ቫዮሊን የሚመታ አካለ ስንኩል ሰው ነበር። ሌላው መምህሩ አርኖልድ ሹልትዝ የተባለ ጥቁር የጊታርና የቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ በድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የሚሠራ፣ ሌሊት ለጭፈራ የሚጫወት ሰው ነው። ሞንሮ ገና በልጅነቱ ከሹልትዝ ጋር እየሄደ ያጅበው ነበር፤ በሙዚቃው ውስጥ ያለው ብሉዝ ከእሱ እንደ መጣም ራሱ መስክሯል። ሹልትዝ በ1931 ሞተ፤ አንድም ሸክላ አላስቀረጸም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1929 ሞንሮ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄዶ በቺካጎ አጠገብ ባለ የነዳጅ ማጣሪያ በርሜል ሲያነሣና ሲያጥብ ቆየ። ከ1934 ጀምሮ ከወንድሙ ከቻርሊ ጋር በራዲዮ መዝፈን እንጀራቸው ሆነ፤ ከ1936 እስከ 1938ም 60 ያህል ዘፈኖች በሸክላ አወጡ። ወንድማማቾቹ ግን አልተስማሙም፤ በ1938 ተለያዩ። ሞንሮ የራሱን ጓድ ሲያቋቁም ኬንታኪ «የሰማያዊ ሣር አገር» ስለምትባል ጓዱን «የሰማያዊ ሣር ልጆች» አለው፤ ብሉ ግራስ ቦይስ ማለት ይኸው ነው። ሮዚን ግን ሰማያዊ ሣር ይበቅልበታል ከሚባለው የግዛቲቱ ለም ክፍል ሳትሆን ከምዕራቡ የከሰል አገር ናት፤ ስሙ የመጣው ከትውልድ መንደሩ ሳይሆን ከግዛቲቱ ዝና ነው።

በጥቅምት 1939 ጓዱ በናሽቪል ከተማ ደብልዩ ኤስ ኤም በተባለው ጣቢያ በየቅዳሜ ማታ በሚተላለፈው በግራንድ ኦል ኦፕሪ ተቀጠረ። የዚህ ጣቢያ ሞገድ እስከ ብዙ ግዛቶች ይደርስ ነበር። ከዚህ በኋላ የጓዱ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ካላወቅን ሙዚቃው እንዴት እንደ ተወለደ አይገባንም። ከእሑድ እስከ ዓርብ ረዥም ሆኖ በተሠራ የሼቭሮሌት አውቶሞቢል፣ ባሱን ጣሪያው ላይ አስረው፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛሉ። ቅዳሜ የትም ቢሆኑ ለኦፕሪው ናሽቪል መድረስ አለባቸው። በ1940ዎቹ ሞንሮ የራሱን ትልቅ ድንኳን ገዝቶ በየገጠሩ ይተክል ነበር። ድንኳኑ ሲተከል ተጫዋቾቹ የመንደሩን ወጣቶች በቤዝቦል ይገጥማሉ፤ ይህም ገበያ መጥሪያ ነው። ስለዚህ ሞንሮ ሰው ሲቀጥር ኳስ መቻሉንም ያይ ነበር፤ ስትሪንግቢን በሚል ቅጽል የታወቀው የመጀመሪያው ባንጆ ተጫዋቹ በሁለቱም የተመሰገነ ነበር። ከ1943 እስከ 1946 ደግሞ ሳሊ አን ፎረስተር የተባለች ሴት በጓዱ ውስጥ አኮርዲዮን ትጫወት ነበር። ብሉግራስ ከጥንት ጀምሮ በአምስት መሣሪያ ብቻ የተወሰነ ነው የሚሉ አጥባቂዎች ይህን አኮርዲዮን ማስታወስ አይወዱም።

በታኅሣሥ 1945 የ21 ዓመት ወጣት ለፈተና ቀረበ። ኧርል ስክራግስ ይባላል፤ በሰሜን ካሮላይና በክር ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ነው። ከዚያ በፊት ባንጆ በአብዛኛው የሚመታው በጥፍርና በአውራ ጣት ወደ ታች እየተመታ ሲሆን ተጫዋቹም ብዙውን ጊዜ አስቂኝ ሰው ሆኖ የሚቀርብ ነበር። ስክራግስ ግን በሦስት ጣቶቹ ላይ መምቻ አድርጎ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ እንዲሰማ፣ ነገር ግን እንደ ወራጅ ውሃ ሳይቋረጥ እንዲፈስስ አድርጎ ይመታ ነበር። በሦስት ጣት መምታት በካሮላይና አገር ከእሱ በፊትም ነበረ፤ ወደዚህ ፍጹምነት ያደረሰው ግን እሱ ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የገባው ሌስተር ፍላት ጊታር እየመታ ይዘፍናል፤ ቻቢ ዋይዝ ቫዮሊን፣ ሃዋርድ ዋትስ ባስ ይዘዋል። እነዚህ አምስቱ በመስከረም 1946ና በጥቅምት 1947 ለኮሎምቢያ ኩባንያ 28 ዘፈኖች አስቀረጹ። ብሉግራስ ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ እነዚህን ሸክላዎች ማሰማት በቂ መልስ ነው።

ይህ ጓድ ግን ከሁለት ዓመት ብዙ አልዘለቀም። በ1948 መጀመሪያ ስክራግስ በጉዞው ተሰላችቶ ለቀቀ፤ ወዲያው ፍላት ተከተለው። ሁለቱ «ፎጊ ማውንቴን ቦይስ» የሚባል የራሳቸውን ጓድ አቋቋሙ። ሞንሮ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ተወላጆች የሆኑት የስታንሊ ወንድማማቾች እሱ በራዲዮ የሚዘፍነውን አንድ ዘፈን፣ የእሱ ሸክላ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ በእሱው አኳኋን አስቀርጸው አወጡ። ኮሎምቢያ ወንድማማቾቹን በቀጠረ ጊዜም ሞንሮ ኩባንያውን ትቶ ወደ ዴካ ሄደ። ፍላትና ስክራግስ በ1953 ማርታ ዋይት በተባለ የዱቄት ድርጅት ስም በራዲዮ መቅረብ ጀምረው ዝናቸው ሲገን፣ ሞንሮ ኦፕሪ እንዳይገቡ ተከላከለ፤ በ1955 ግን ገቡ። በአንድ ጣሪያ ሥር በየሳምንቱ እየተላለፉ ከ20 ዓመት በላይ አልተነጋገሩም።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ይገባናል። ሕግ ዜማንና ግጥምን ይጠብቃል፤ የአጨዋወትን ሥልት ግን አይጠብቅም። ሞንሮ የጠየቀው ሕግ የማያውቀውን ባለቤትነት ነበር። ጥያቄው ከንቱ ነው አንልም፤ ሰው የደከመበትን ሌላው ሲነግድበት ማየት ይመራል። ዳሩ ግን ሥልት የግል ርስት ከሆነ፣ ሞንሮ ራሱ ለሹልትዝ ምን ያህል ዕዳ አለበት? ሹልትዝ ሸክላ ስላላስቀረጸ ይከሰስ የነበረ ማንም የለም እንጂ ዕዳው አለ። ሞንሮ ዕዳውን በቃል መመስከሩ ያስመሰግነዋል፤ ይህን ያላደረጉ ብዙዎች ናቸውና። ባንጆውም ቢሆን ስክራግስ ከቤቱ ይዞት የመጣው እንጂ ሞንሮ ያስተማረው አይደለም። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ፈጣሪው ጓዱ ነው፤ በአንድ አውቶሞቢል ተጣበው ሲጓዙ፣ በድንኳን ሲያድሩ፣ በየምሽቱ እርስ በርስ ሲሰማሙ የነበሩት ሰዎች በአንድነት ናቸው። ሞንሮ ልኩን ያወጣ፣ ሠራተኛውን የመረጠ፣ ያልወደደውን የጣለ ዋና አናጢ ነው።

የሚያስገርመው ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ 1954 ገና 19 ዓመቱ የነበረው ኤልቪስ ፕሬስሊ ሞንሮ የደረሰውን «ብሉ ሙን ኦቭ ኬንታኪ» የተባለ ዘፈን ፍጹም ለውጦ አስቀረጸው። የመጀመሪያው በሦስት ምት ቀስ ብሎ የሚሄድ ነበር፤ የፕሬስሊው ይዘልላል። ሞንሮ አልተቆጣም። ይልቁንም በመስከረም ዘፈኑን እንደ ገና ሲያስቀርጸው በሦስት ምት ጀምሮ በመካከሉ ወደ ፈጣኑ አራት ምት ተሻገረ። ሩቅ ሆኖ የለወጠውን ወጣት ተቀበለ፤ ቅርብ ሆነው የመሰሉትን ግን አልወደደም።

ሮክ ኤንድ ሮል ገበያውን ሲወስድ የጓዱ ገቢ ቀነሰ። ሙዚቃው የመሪው ጓድ ስም ተሰጥቶት ብሉግራስ መባል የጀመረው በዚያው በ1950ዎቹ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ስለ ብሉግራስ ሲያወራ የሚያነሣው ፍላትንና ስክራግስን ነበር። የእነሱ አንድ ዘፈን ለቴሌቪዥን ትርኢት ተሠርቶ በ1963 መጀመሪያ በካንትሪ ሙዚቃ ዝርዝር አንደኛ ሆነ። ነገሩን የለወጡት የከተማ ወጣቶች ናቸው። ራልፍ ሪንዝለር የተባለ የኒው ጀርሲ ሰው፣ ራሱም ማንዶሊን ተጫዋች፣ በ1963 «ሲንግ አውት» በተባለው መጽሔት የሙዚቃው ምንጭ ሞንሮ መሆኑን አስረድቶ ጻፈ፤ ሥራ አስኪያጁም ሆኖ በሰሜን ከተሞችና ለተማሪዎች እንዲጫወት አደረገው። በዚያው ዓመት ቢል ኪዝ የተባለ በኮሌጅ የተማረ የቦስተን አካባቢ ልጅ በባንጆ ተቀጠረ፤ ይህ ልጅ የቫዮሊንን ዜማ ሳያጎድል በባንጆ የሚያወጣ አዲስ አመታት ይዞ መጣ። ጓዱ ከገጠር ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤትም መቀበል ጀመረ ማለት ነው።

በ1965 ካርልተን ሄኒ የተባለ አዘጋጅ በቨርጂኒያ ፊንካስል በተባለ ቦታ ለብዙ ቀናት የሚቆይ የመጀመሪያውን የብሉግራስ በዓል አደረገ። በበዓሉ ቀደም ሲል በጓዱ ያገለገሉ ሰዎች ተራ በተራ ከሞንሮ ጋር እየቆሙ በየዘመናቸው የተጫወቱትን እንደ ገና ተጫወቱ። ጓዱ በሕይወት ዘመኑ ከ150 በላይ ተጫዋቾች ያለፉበት ስለ ሆነ ተጋባዥ አልታጣም። ከ1967 ጀምሮ ሞንሮ ራሱ በኢንዲያና በቢን ብሎሶም በገዛው ስፍራ በየዓመቱ በዓል ያደርግ ነበር። በ1969 ፍላትና ስክራግስም በተራቸው ተጣልተው ተለያዩ፤ ስክራግስ ከልጆቹ ጋር ወደ አዲሱ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ አዘነበለ፤ ፍላት ከቀድሞው ዓይነት ጋር ቀረ።

በ1971 ፍላት ወደ ቢን ብሎሶም መጣ፤ ሞንሮም በመድረክ ላይ ተቀበለው፤ ከ23 ዓመት በኋላ አብረው ዘፈኑ። ፍላት በ1979 ሞተ። ሞንሮ 85 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው በመስከረም 9 ቀን 1996 ዐረፈ፤ ከጥቂት ወራት በፊት እስኪታመም ድረስ በኦፕሪው ይጫወት ነበር። ስክራግስ እስከ 2012 ኖረ።