ክረምት ሲገባ ሞግዚቷ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት

እንደሚታወቀው በሰኔ ማብቂያ ትምህርት ቤት ይዘጋና ተማሪው እስከ መስከረም ቤቱ ይውላል። ወቅቱ ዝናብ የሚበረታበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ በገጠር ደግሞ እናትና አባት ማልደው ለእርሻና ለአረም የሚወጡበት ነው። ታዲያ የሁለት ዓመቱን ሕፃን ማን ይጠብቀዋል? ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት ይህን ብንጠይቅ እጃቸውን ያወጡት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

እኛም የክረምትን አደጋዎች በጥቁር ሰሌዳ ዘርዝረን አስጠናናቸው። አንዲት ልጅ አንድም ሳትስት ወጣችው። «ወንድምሽ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልናት። «ዘልዬ ገብቼ አወጣዋለኋ፣ ጋሼ!» አለች። ዋና አትችልም። ትምህርታችን እንዳልገባ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ስለሆነም «ወንዝ አትሂዱ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ውሃ የሚቀዳውም ከብት የሚጠጣውም እዚያው ነውና። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደን የሚከተሉትን ሜዳ ላይ በተግባር እናሳያቸው።

1. ውሃ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሲሞቱ፣ ሩብ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ነበሩ። ለሕፃን ባልዲም፣ በርሜልም፣ ለቤት ምርጊት አፈር የወጣበት ጉድጓድም ያሰጋል። ባልዲው ይደፋ፤ በርሜሉ ይከደን፤ ጉድጓዱ ይደፈን ወይም በእሾህ ይታጠር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም ላይኛው አገር ከዘነበ ደራሽ ይመጣል፤ ውሃው ከደፈረሰ ወደ ዳገት ወጥቶ መጠበቅ እንጂ መሻገር የለም። ሰው ከወደቀ መጮህ፣ ከዳር ሆኖ ረጅም እንጨት ወይም ገመድ ማቀበል እንጂ ተከትሎ መግባት አይገባም። የወጣውን ሕፃን ዘቅዝቆ ማንጠልጠል አይጠቅምም፤ የማይተነፍስ ከሆነ ትልቅ ሰው ወዲያው አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይስጠው።

2. መብረቅ፦ ብልጭታው እንደታየ እንቁጠር። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳንደርስ ነጎድጓዱ ከተሰማ ጨዋታም ጥበቃም ትቶ ቤት መግባት ነው። ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ይህ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጥሩ መልመጃ ይሆናል።

3. እሳትና ላምባ፦ ብርድ ነው ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ይገድላል፤ የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ለተቃጠለ ልጅ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ከመቀባት ይልቅ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። የጠጣ ልጅ ቢኖር በግድ አናስመልሰው፤ ላምባው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እኛ በማግሥቱ በጠመኔ መሬት ላይ ወንዝ ሥለን ደገምነው። ያቺው ልጅ ከመስመሩ ሳታልፍ በደረቷ ተኛች፤ ዱላውን ዘረጋች፤ «ኡ! ኡ!» ብላ ጎረቤት ጠራች። ሁሉም ተራ በተራ ሞከሩት።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ በመስከረም ስም ስንጠራ ሁሉም «አቤት» እንዲሉን ከፈለግን፣ የሰኔዋን አንድ ክፍለ ጊዜ አንንፈጋቸው።