የሚጥል በሽታ መድኀኒትና ጠንቁ

የሚጥል በሽታ መድኀኒት በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ከሕመሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመድኀኒቱም ጋር መኖርን መማር አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል።

በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት መድኀኒቶች ዋነኛው ፌኖባርቢታል ነው። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ዋጋውም ርካሽ ነው። ከልክ ያለፈውን የአንጎል መነሣሣት ያበርዳል፤ ነገር ግን ንቃትንም አብሮ ስለሚያበርድ ድብታ ያመጣል። ፌኒቶይን ድድን ያሳብጣል፤ ሲበዛም ሚዛንን ያናጋል። ካርባማዜፒን መጠኑ ሲያልፍ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። ቫልፕሮየት እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ፅንስን መጉዳቱ ነው።

እስኪ ጉለሌን እናስብ። በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ ሰው እንጀራው ያለው በዐይኑና በእጁ ነው። ድሩ ሁለት ሆኖ ከታየው፣ እጁም መወርወሪያውን መያዝ ካቃተው፣ ጥለቱ ይበላሻል፤ ገበያውም ይቀርበታል። እንዲህ ያለው ሰው «መድኀኒቱ ሥራዬን ነጠቀኝ» ብሎ ኪኒኑን ለመጣል ቢያስብ አያስደንቅም። ነገር ግን በድንገት ማቋረጥ ከጠንቁ ይልቅ የከፋ ነው፤ ሳያባራ የሚደጋገም መንፈራገጥ አምጥቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣም ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።

ደግሞም በዚያው በጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የነቀርሳው መድኀኒት ኢሶኒያዚድ ፌኒቶይን በደም ውስጥ እንዲከማች ሲያደርግ፣ ሪፋምፒሲን ግን ቶሎ እንዲወገድ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሕመሞች ያሉበት ሰው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1. ጠንቁን ለሐኪም መናገር። መጠኑ ቀስ በቀስ ሊቀነስ፣ መድኀኒቱም ሊለወጥ ይችላል። ፌኖባርቢታል ማታ ሲወሰድ የቀኑ ድብታ ሊቀልል ይችላል።

2. ፌኒቶይን የሚወስድ ጥርሱንና ድዱን ዘወትር ያጽዳ።

3. ሽፍታ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከወጣ፣ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ።

4. ከአረቄና ከጠጅ መራቅ፤ ድብታውን ያብሳሉና።

5. ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ በራሷ ግን አታቋርጥ።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረው ሥራ ቀላል ነው። በትምህርት ክፍል የሚያንጎላጀውን ጓደኛችንን ሰነፍ ብለን ከመሳቃችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቅ፤ ያመለጠውንም ማስታወሻ እናውሰው። ሳቃችንን ፈርቶ ኪኒኑን የሚተው ሰው ቢወድቅ፣ ከጥፋቱ እኛም ድርሻ አለን።