ድዳችንን የሚያፈርሰው ማን ነው?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ድድ ነው። አንድ ልጅ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ቢደማ «ተወው፣ መፋቂያው ነው ያቆሰለህ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ታዲያ ይህ ምክር ትክክል ነውን? መልሱን ለማግኘት በድድ ውስጥ የሚካሄደውን እንመልከት።

በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየቀኑ ለስላሳ ቆሻሻ ይጋገራል። ቆሻሻው እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ተያይዘው የሚኖሩበት ሽፋን ነው። ሰውነታችንም ይህን ዝም ብሎ አያይም። ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይልካል። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ሲሆኑ፣ ሥራቸውም ባክቴሪያን እየዋጡ መግደል ነው። ሕዋሳቱ በብዛት እንዲደርሱ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በዚህም ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። እንግዲህ ደሙ የሚያመለክተው ውስጥ ውስጡን ውጊያ መኖሩን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ውጊያው ሲራዘም ነው። ቆሻሻው ካልተነሣ ባክቴሪያው አያልቅም። ኒውትሮፊሎችም ለባክቴሪያው ያዘጋጁትን ኤንዛይም በገዛ ድዳችን ላይ ያፈሱታል። ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ መልእክት ይልካሉ። እንዲህ እያለ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይመነምናል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። አንዴ የፈረሰ አጥንት ደግሞ በመፋቅ ብቻ አይመለስም።

ታዲያ እነዚህ ሕዋሳት ባይኖሩ ይሻል ነበር? ኧረ በፍጹም! በምግብ እጥረት ወይም በኩፍኝ የተዳከመ ሕፃን የመከላከል ኃይሉ ሲያንስ፣ ከድድ ቁስል የሚጀምረው ኖማ ጉንጩን እስከ መብላት ይደርሳል። ይህ በሽታ በአገራችንም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦታል።

መፍትሔው የውጊያውን ምክንያት ማንሣት ነው። በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ የሃራልድ ለ ጥናት ይህንን አሳይቷል። ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ቢተዉ፣ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ዳነ።

ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የጀዊ መጠለያ ጣቢያም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች የምናስተምራቸው ልጆች ወላጆች ጥርስ ሐኪም ዘንድ መድረስ ቀላል አይሆንላቸውም። መፋቂያ ግን ከደጃቸው አይጠፋም። ስለዚህ ድዱ የሚደማውን ልጅ «አትተው፣ ቀስ ብለህ የድዱን ጠርዝ በየቀኑ አጽዳ» እንበለው። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው፣ ጥርሱ ከተነቃነቀ ወይም መግል ካለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድዱ ቆስሎ አፉ የሚሸት፣ ጉንጩም ያበጠ ሕፃን ካየን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳናሳድር ወላጆቹን ጠርተን እንላከው።