ከውስጥ አይታጠብም፦ የብልትን ጤና መጠበቅና መዛባቱን በትክክል ማከም

የብልት ፈሳሽ ጠረኑ ወይም መልኩ ሲለወጥ ብዙ ሴቶች ቀድመው የሚሮጡት ወደ ውኃና ሳሙና ነው። ሳሙናው ካልበቃ ሎሚ፣ ጨው ወይም ሽቶ የተጨመረበት መታጠቢያ ይከተላል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ጠረን አለ፣ ጠረን ካለ ቆሻሻ አለ፣ ቆሻሻ ደግሞ ይታጠባል የሚል ነው። ችግሩ ግን ጤነኛ ብልት ከባክቴሪያ የጸዳ ቦታ አለመሆኑ ነው። ጤናው የሚጠበቀው በውስጡ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስለሆነ፣ አጥቦ ማስወጣት ጠባቂዎቹን ማባረር ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው የአሠራር ቅደም ተከተል የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ በመጀመሪያ መጠበቅ፣ ሲዛባ በትክክል መለየት፣ ከዚያ የተለየውን ብቻ ማከም።

ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን በ1892 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብልት ውስጥ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ዛሬ ላክቶባሲለስ እንላቸዋለን። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሕዋሶች ግላይኮጅን እንዲያከማቹ ያደርጋል፤ ባክቴሪያዎቹ ከዚህ የሚገኘውን ስኳር ተመግበው ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። እርጎን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። በዚህ ምክንያት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ጤነኛ ሴት የብልቷ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ) አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 አይበልጥም፤ በዚያ ኮምጣጣነት ብዙ ጎጂ ተሕዋሲያን መራባት ያቅታቸዋል። ላክቶባሲለሶች ሲመናመኑ ጋርድኔሬላና ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድነት ይበዛሉ፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ የዓሣ ዓይነት ጠረን ያላቸው ውህዶችም ይፈጠራሉ። ይህ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች እንደየአካባቢው ከ23 እስከ 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው። ስለዚህ የደረሰባት ሴት ብቻዋን አይደለችም፤ የምታፍርበትም ምክንያት የለም።

የመጀመሪያው እርምጃ ከውስጥ መታጠብን ማቆም ነው። የውጪውን ክፍል በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ በእጅ መታጠብ ይበቃል። ሳሙና የግድ ከተፈለገ ሽቶ የሌለው ይሁን፣ ከውጪ አይለፍ። አቅጣጫው ከፊት ወደ ኋላ ነው። ጣት ወይም ቱቦ አስገብቶ ውኃ መርጨት፣ ሎሚ መጭመቅ፣ ነጭ ሽንኩርት ማስገባት ይቅር። እርጎ መቀባትም አያዋጣም፤ እርጎን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በብልት ውስጥ ከሚኖሩት ዝርያዎች የተለዩ ናቸው። «መጀመሪያ ጠረን የመጣባት ሴት ስለሆነች የምትታጠበው፣ መታጠቡ መንስኤ ሳይሆን ውጤት ነው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢ ክርክርም ነው። ይህንን ለመለየት የረዳው በአሜሪካ አላባማ ግዛት 3,600 ያህል ሴቶችን በየሦስት ወሩ እየመረመረ ለአንድ ዓመት የተከታተለው ጥናት ነው። ማን ቀድሞ ምን እንደነበረበት በስሌት ውስጥ ገብቶም፣ አዘውትረው ከውስጥ የሚታጠቡት ሴቶች በባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የመያዝ ዕድላቸው በአንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልዩነቱ ግዙፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንዳች ጥቅም ለሌለው ልማድ ይህም ብዙ ነው።

ቀጥሎ የራስን ፈሳሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ፈሳሽ ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ ሆኖ በወሩ ውስጥ ይለዋወጣል፤ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ይለጠጣል። ጥቁር የውስጥ ሱሪ መሐሉ ላይ እየነጣ የሚሄደው በአሲዱ ነው፤ ያ የጤና ምልክት እንጂ የበሽታ አይደለም። በባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ጊዜ ፈሳሹ ቀጠን ብሎ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ጠረኑም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ይብሳል፣ የወንድ ዘር ፈሳሽ አሲዱን ስለሚያለዝበው። ማሳከክ ብዙውን ጊዜ የለም። የሚያሳክክና እንደ አይብ የተቋጠረ ነጭ ፈሳሽ ካለ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይጠረጠራል። ቢጫ አረንጓዴና አረፋማ ከሆነ ደግሞ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች ይታከማሉ። ምልክቶቹ ግን ይደራረባሉ፤ ከአንድ በላይ ችግር በአንድ ጊዜ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ በምልክት ብቻ ተነሥቶ ከፋርማሲ ፍሉኮናዞል መግዛት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው፤ የፈንገስ መድኃኒት ባክቴሪያን አይነካም።

ሦስተኛው እርምጃ ምርመራ ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች የብልት ፈሳሽን በምልክት ተነሥተው ያክማሉ። ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ አሠራር ከምንም ይሻላል። ማይክሮስኮፕ ባለበት ግን በግምት መታከም አይገባም፤ «ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ የታካሚዋ መብት ነው። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስን ለመለየት ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት የአምሰል መስፈርት አራት ነገሮችን ያያል፦ ቀጭንና ወጥ የሆነ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ የሆነ ፒኤች፣ ፈሳሹ ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ሲል የሚወጣ የዓሣ ጠረን፣ እንዲሁም በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ልዩ ሕዋሶች። ጤነኛ የብልት ሕዋስ ጠርዙ በቀጭን ብዕር የተሣለ ያህል ጥርት ብሎ ይታያል፤ በዚህ ችግር ጊዜ ባክቴሪያዎች ተለጥፈውበት ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ገጹም ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ችግሩ አለ ማለት ነው። ውጤቱ እንዳይዛባ ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ቅባት አያስገቡ፣ ግንኙነትም አያድርጉ፤ የወር አበባ ላይ ከሆኑ ቢያልቅ ይመረጣል።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነው። የተለመደው ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። አፍ ላይ ብረት ብረት ይላል፣ ሊያቅለሸልሽም ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። ጠረኑ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም ሰባቱን ቀን ይጨርሱ። በብልት የሚገባ የሜትሮኒዳዞል ጄል ወይም የክሊንዳማይሲን ክሬም በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል፤ ክሬሙ ዘይት ስላለው ኮንዶምን ያዳክማል። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ፤ ችግሩ ያለጊዜው ከሚመጣ ምጥ ጋር ስለሚያያዝ ምልክት ያላት እርጉዝ መታከም አለባት፣ ሜትሮኒዳዞልም በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል።

ከባዱ ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ከታከሙት መካከል ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል፣ ባክቴሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ስለሚደበቁ። ሌላው ምክንያት፣ ባክቴሪያው ከወንዱ መመለሱ፣ በ2025 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ጎልቶ ታየ። ሴቲቱ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ በ63 በመቶዎቹ ላይ ተመለሰ፤ የወንዱም ሕክምና ሲጨመር ወደ 35 በመቶ ወረደ። ወንዶቹ ለ7 ቀን ሜትሮኒዳዞል ዋጡ፣ የክሊንዳማይሲን ክሬምም ብልታቸው ላይ ተቀቡ። ቀደም ባሉት ጥናቶች ክኒን ብቻ መስጠት አልረዳም ነበር። አንድ ጥናት ነው፣ ጥንዶቹም በጽኑ ግንኙነት ያሉ ነበሩ የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ቢሆንም ለሚመላለስባቸው ባለትዳሮች ሐኪምን ስለዚህ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባል «ከየት አመጣሽው?» ብሎ እንዳይነሣ አስቀድሞ ይነገረው፤ ችግሩ ሦስተኛ ሰው ሳይኖርም ይከሰታል፣ ታማኝነት ለመጉደሉ ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም። በመዳብ ሉፕ የሚጠቀሙም ይህንኑ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከመመላለሱ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። የብልት ባክቴሪያን ቤት ውስጥ ለመመርመር የሚያገለግሉ ዕቃዎች ይሸጣሉ፣ «ላክቶባሲለስዎ ዝቅተኛ ነው» የሚለው ውጤትም ያስደነግጣል። ነገር ግን በ2011 የወጣና 396 ጤነኛ ሴቶችን የመረመረ የአሜሪካ ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ያልበዛባቸውና ምንም ያልተሰማቸው ሴቶች እንዳሉ አሳይቷል፤ በጥቁርና በሂስፓኒክ ሴቶች ዘንድም ይህ ይበልጥ የተለመደ ነበር። ምልክት ከሌለና እርግዝና ወይም የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ካልታሰበ ውጤቱን ብቻ ይዞ አንቲባዮቲክ መዋጥ አያስፈልግም። የፕሮባዮቲክ (የጠቃሚ ባክቴሪያ) ክኒንም ተስፋ እንጂ የተረጋገጠ መድኃኒት አይደለም፤ በ2020 በወጣ ጥናት የችግሩን መመለስ ከ45 ወደ 30 በመቶ የቀነሰው በቀጥታ ብልት ውስጥ የገባ አንድ የተለየ ዝርያ እንጂ በየሱቁ የሚሸጠው አልነበረም።

ታችኛው የሆድ ክፍል የሚያምዎት፣ ትኩሳት ወይም ያልተለመደ ደም ያለዎት፣ ወይም እርጉዝ ሆነው ፈሳሹ የጨመረብዎት ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ለኤች አይ ቪና ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ተጋላጭነትን ስለሚጨምር፣ ለፈሳሹ በሚመረመሩበት ቀን የእነዚያንም ምርመራ አብረው ያድርጉ።