በላባ መንጠቆ ማጥመድ፦ ከሆሳዕና ወዴት?

ጥያቄ፦ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ቆመው በላባ መንጠቆ ሲያጠምዱ በፊልም አይተን እኔና ጓደኞቼ ጓጉተናል። ቦዮ ሐይቅ ይሆነናል?

መልስ፦ ቦዮ ጥልቀት ባይኖረውም ጉማሬ አለበትና ውሃው ውስጥ አትግቡ። ለዚህ ጥበብ የሚመቸው ባሌ ነው፤ በዌብና በዳንካ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ዲንሾ ካለው የባሌ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ከጉዞው በፊት ግን ሣር ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ላባዋ ክብደት የላትም፤ ወደፊት የሚወስዳት የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። ስለዚህ ክሩ ከኋላችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ታገሡ፣ ከዚያ ወርውሩ። ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ተራርቃችሁ ቁሙ፤ መነጽርም አድርጉ፤ መንጠቆ ዓይን ያጠፋል።