«የፈረንጅ ነገር»፦ ጥላቻው ከየት መጣ?



ከመካከላችን አንዱ ለትምህርት ወደ ከተማ ሄዶ ሲመለስ አነጋገሩ ወይም አለባበሱ ጥቂት ከተለወጠ «ፈረንጅ ሆነ» እንለዋለን። ሃይማኖቱን ጣለ፣ ወገኑን ናቀ ማለታችን ነው። ለመሆኑ ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን?

ጥንት እንዲህ አልነበረም። «ፈረንጅ» የሚለው ቃል «ፍራንክ» ከተባለው የአውሮፓ ነገድ ስም በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ ከግራኝ አሕመድ ጋር በነበረው ጦርነት ሊረዳን መጣ፤ እርሱም በዚሁ በአገራችን ሞተ። ያን ጊዜ ፈረንጅ በጭንቅ ቀን የደረሰ ወዳጅ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በ1618 ዓ.ም. ለሮም ፓፓ መታዘዛቸውን በይፋ አስታወቁ። በሮም ፓፓ የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናትም እንደገና እንዲባረኩ አዘዘ። የጥንቱን ክርስቲያን ገና እንዳላመነ ሰው ቆጠረው ማለት ነው። አገር ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ።

በደሉ የጥቂቶች ሲሆን ፍርሃቱ ግን በፈረንጅ ሁሉ ላይ ዋለ። ከ270 ዓመት ያህል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ «ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይለውጡብናል» የሚለውን ስጋት ለማብረድ መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቶች አስመጡ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሲፈጅ አሮጌው ቁስል አመረቀዘ።

ይሁን እንጂ በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር በዚሁ በጎጃም በኩል ገብተው ጠላትን የወጉት እንግሊዞችም ፈረንጆች ነበሩ። በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በጦርነቱ ተማርከው ለዓመታት በኢጣልያ ታሰሩ፤ በኋላ ግን በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሠሩ።

እንግዲህ አባቶቻችን ያዩትን በደል አንርሳ። ነገር ግን በዳዩን በስሙ እንጥራው እንጂ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ አንጫን። ከከተማ የተመለሰውንም ወንድማችንን «ፈረንጅ ሆነ» ከማለታችን በፊት ምን ተምሮ እንደ መጣ እንጠይቀው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1ኛ. ሕዝቡ በአፄ ሱስንዮስ ላይ የተነሣው ለምንድን ነው?
2ኛ. በአንድ ሰው ጥፋት ወገኑን ሁሉ የምንወቅስበት ጊዜ አለን? ምሳሌ ስጡ።